የፈሪ አልበም

ሰኞ 3

ወጣ። ገጽ አስራ አራት፣ ከላይ እስከ ታች የኔ። ርዕሱንም ያወጣሁት ራሴ ነኝ፦ «የፈሪ አልበም»። ዋና አዘጋጁ ትንሽ ለዘብ በይ ብሎኝ ነበር። ለዘብ ያለ ነገር ከፈለገ የአየር ጠባይ ዘጋቢውን ይጠይቅ።

ነገ ሰው ሲጮህብኝ እንዳልወላውል እዚህ ላስፍረው። ሽቦ አሁን ካሉት ራፐሮች ሁሉ ግጥም የሚችለው እሱ ነው። ሽቦ ያሉት ቀጭን ስለሆነ ነው፣ እሱም ወዶ ይዞታል። የሚያናድደኝም መቻሉ ነው። አልበሙ አስር ዘፈን ነው፣ አስሩም ስለ አባቱ፣ ስለ ከባድ መኪና ሹፌሩ። በመጀመሪያው ዘፈን፣ «ሐሙስ አስር ሰዓት» በሚለው፣ አባቱን ይቀብራል። አፈሩ ሳጥኑ ላይ ሲወድቅ ይሰማል፤ ቢቱ ያ ነው፣ ሌላ ከበሮ የለውም። እንዲህ ያለ አጀማመር ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ በመጨረሻው ዘፈን፣ በ«ጥሩምባ»፣ ያ የተቀበረ አባት መኪናውን እያስጮኸ ደጃፍ ላይ ይደርሳል፣ ልጅ በባዶ እግሩ ሮጦ ይወጣል፣ አለቀ። ሞትን ደፍሮ ነካና መጨረሻ ላይ ሸሸ። የጻፍኩት ይህን ነው፤ አንድ ቃል አላነሳም።

አንድ ሕግ አለኝ። አንድን አልበም ሦስት ጊዜ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በቅደም ተከተሉ፣ ሳላቋርጥ ካልሰማሁ መስመር አልጽፍም። አስራ አራት ዓመት እንዲህ ነው የሠራሁት። ዘፈን እየዘለሉ የሚሰሙትን ሰዎች ስንቴ በዚሁ ገጽ ላይ ልክ ልካቸውን ነግሬያቸዋለሁ።

አባባ ደህና አድሯል። እሱ ክፍሌ ውስጥ ነው የሚተኛው፣ እኔ ሶፋው ላይ። የቀዶ ጥገናው ስፌት ደርቋል።

ማክሰኞ 4

አውቶቡስ ውስጥ። ቆሜ ነው የምጽፈው። አልበሙ ትናንት ማታ ለሕዝብ ተለቀቀ፣ ስድቡም አብሮ። ለመዝገብ ያህል፦

«ሳትሰሚ ነው የጻፍሽው።» የተለመደ ነው።

«ጆሮሽን ገልብጠሽ ነው እንዴ የሰማሽው?» ይቺኛዋ አሳቀችኝ።

«አሮጊት ስለ ራፕ ምን ታውቃለች።» አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፣ የኔ ልጅ። ራፕ ምን እንደሆነ ማንም ሳያውቅ ካሴት በብርድ ልብስ ውስጥ ደብቄ ስሰማ አንተ አልተወለድክም።

መውረጃዬ ደረሰ።

ሐሙስ 6

ዋና አዘጋጁ ጠርቶኝ በሩን ዘጋ። እሱ በር ከዘጋ ነገር አለ።

«የአልበሙ አሳታሚ ደውሎ ነበር። ይቅርታ ብጤ ይፈልጋሉ፣ ሁለት መስመር። ቃሉ ጠንክሮ ነበር ምናምን።»

«ቃሉ አልጠነከረም።»

«ፈሪ ብለሽዋል እኮ።»

«ፈሪ ነዋ።»

መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ገጹ የግል ርስትሽ ከመሰለሽ ተሳስተሻል። ለሌላ ሰው ልሰጠው እችላለሁ።»

«ስጠው» አልኩት።

ወጥቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁና ሳሙና በሌለበት እጄን ሦስቴ ታጠብኩ። ያቺ ገጽ ከሄደች ምን እንደምሆን አላውቅም። ሌላ ሥራ አልችልም፣ ሌላ ሥራም አልፈልግም። ሰው ማነሽ ሲለኝ የምመልሰው እሷን ነው። ቢሆንም እውነት ብዬ የጻፍኩትን ስለተጮኸብኝ ብቻ ውሸት ነው ብዬ አልፈርምም። ሁለት ጊዜ ሙሉ ሰምቼዋለሁ፤ ምን እንደሰማሁ አውቃለሁ።

እሁድ 9

አባባ ዛሬ ወንበር ላይ ተቀመጠ። በገዛ እጁ ጺሙን ተላጨ፣ ከአገጩ ሥር ጥቂት ተረፈው፣ እኔም አልነገርኩትም።

አባባ ሠላሳ ዓመት ሲኒማ ቤት ፊልም ያጫውት ነበር። ከተመልካቹ በላይ ባለች ትንሽ ሙቅ ክፍል ውስጥ ሆኖ፣ በአንዲት መስኮት። ልጅ ሆኜ ምሳውን ይዤለት ስወጣ «ዝም በይ፣ ሊሳሳሙ ነው» ይለኝና ዓይኔን በእጁ ይሸፍነው ነበር። እጁ የማሽን ዘይት ይሸታል። አሁን የሐኪም ቤት ሳሙና ነው የሚሸተው። የኔን ሥራ «ወሬ በከበሮ» ነው የሚለው። ግን ገጼን እየቆረጠ የጫማ ካርቶን ውስጥ ያስቀምጣል፤ የማላውቅ ይመስለዋል።

«ዛሬስ ስንት ሰው ሰደበሽ?» አለኝ።

«አልቆጠርኩም።»

«ቁጠሪ እንጂ። እኔ ፊልም ሲበጠስብኝ የሚያፏጨውን እቆጥር ነበር። ከሃያ በታች ከሆነ ለማፏጨት የመጣ ሰው ነው። ከሃያ ካለፈ ጎንበስ ብዬ ማሽኔን አያለሁ።»

«የኔ ከሃያ አልፏል።»

«ታዲያ ማሽንሽን አይተሻል?»

«ማሽኔ ደህና ነው» አልኩት። ደህና ነው።

ሐኪሙ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል ብሏል፣ ወር በገባ ሰኞ። ዝርዝሩን ታላቅ እህቴ ሰምታዋለች። እኔ ያን ሰዓት በር ላይ ስልክ እያነጋገርኩ ነበር። በወረቀት ጽፋ ሰጥታኛለች፤ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። አነበዋለሁ።

ረቡዕ 12

ሽቦ መለሰልኝ፣ በዘፈን። ርዕሱ «ያልቀበረች» ነው። ስሜን አይጠራም፣ «የገጽ አስራ አራቷ» ነው የሚለኝ። ይኸው፦

«መጨረሻ ያለቀስኩትን መጀመሪያ ላይ ቀበረችው፣
ደጅ የደረሰ አባቴን በኋላ በር ሸኘችው።
ፍርዷን ታቆየውና የገጽ አስራ አራቷ፣
አባቷን ቀብራ ትምጣ፣ ያኔ ይታያል ብርታቷ።»

ለሙያው ስል አራት ጊዜ ሰማሁት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስንኞች ዘይቤ ናቸው፤ ጊዜን ገልብጦ ሐዘኔን አልተረዳሽልኝም ማለቱ ነው። ጥሩ ዘይቤ ነው፣ አልክደውም። የመጨረሻው ግን ዘይቤ አይደለም። ልጁ ቤቴ ማን እንደተኛ አያውቅም፣ ስለማያውቅ አልፈርድበትም። እኔ ግን ያን መስመር የሰማሁት ከግድግዳው ወዲያ ማዶ አባባ ሲያስል እየሰማሁ ነው።

አልቀበርኩም። አልቀብርምም። ብርታቴ በዚያ የሚለካ ከሆነ ይቅርብኝ።

ዓርብ 14

ዛሬ ዋና አዘጋጁ በሩን ከፍቶ፣ ሁሉም ሰው እየሰማ ጠራኝ። «አንቺ እሳት!» ጋዜጣው ከየሱቁ አልቋል፣ ዘፈኑ በየታክሲው ነው፣ ሰው ሁሉ ገጽ አስራ አራት ምን ብላ ነው እያለ ይፈልጋል። ይቅርታ የምትባል ቃል ከአፉ ወጥታ የማታውቅ ይመስል ነበር።

«ዓርብ 28 በሬዲዮ ፊት ለፊት ትገናኛላችሁ፣ በቀጥታ ስርጭት። አጥብቀሽ ያዢ፣ እንዳትላዪ።»

«መቼ ላልቼ አውቃለሁ?»

አጠገቤ የሚቀመጠው የስፖርት ዘጋቢ ጎንበስ ብሎ «ለመሆኑ አልበሙ ጥሩ ነው?» አለኝ። ይህ ሁሉ ጩኸት ሲጮህ ይህን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

እሁድ 16

ደረጃ ላይ ሆኜ እህቴ ለባሏ በስልክ ስትነግረው ሰማሁ። «አባባ ከተኛ ጀምሮ ያልተጣላችው ሰው የለም። ባለፈው ከሆስፒታሉ ዘበኛ ጋር፣ ትናንት ከመድኃኒት ሻጩ ጋር። አሁን ደግሞ ከዘፋኝ ጋር። ከበሽታው ጋር መጣላት ስላልቻለች ነው፣ ምን ታድርግ።»

ገባሁና ምንም እንዳልሰማ ሰው ሳህን ማጠብ ያዝኩ።

«ያን የልጁን አልበም መቼ ነው የሰማሽው?» አለችኝ ኋላ፣ ፎጣ እያጠፈች።

«ሆስፒታል፣ እናንተ ጋ ተቀምጬ።»

«አባባ ውስጥ እያለ?»

«አዎ። ምን ችግር አለው? ጊዜ ነበረኝ።»

«ጆሮሽ ላይ የሰካሽውን ስንቴ አውልቀሽ ወጣ ወይ እንዳልሽኝ ታውቂያለሽ? ስልክሽን እንኳ ጥለሽው ከወንበር ሥር ያወጣሁልሽ እኔ ነኝ።»

እህቴ ስለ ሙዚቃ አታውቅም። ከሬዲዮ የምታዳምጠው ዜና ብቻ ነው። ይህን ልጽፍ የቻልኩት ስለተናደድኩ ነው፣ ይቅር ትበለኝ።

ሐሙስ 20

ከሥራ ስመለስ አባባ ሶፋው ላይ፣ ቦታዬ ላይ ተቀምጧል።

«እህትሽን ያን የሚሰድብሽን ልጅ አምጪልኝ አልኳት። በቴሌቪዥኑ አሰማችኝ። ሙሉውን፣ ሳላቋርጥ፣ አንቺ እንደምትዪው።»

«እና?»

«ወሬ ያበዛል። ግን አባቱን ይወዳል። መጨረሻ ላይ አፈሩ ሲወድቅ አጥፊው አልኳት። ትንሽ ቆይቼ መልሺው አልኳት።»

«እሱ መጀመሪያ ላይ ነው፣ አባባ።»

«ምኑ?»

«ቀብሩ። አልበሙ የሚጀምረው በቀብሩ ነው።»

ፊልም ሊበጠስ ሲል ማሽኑን በሚያይበት ዓይን አየኝ። ያን ዓይን አውቀዋለሁ። «የሚጀምረው በጥሩምባው ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሰውዬው ይመጣል፣ ልጁ ይሮጣል። ከዚያ እያለ እያለ ይታመማል። ቀብሩ መዝጊያው ነው። አንቺ ምን ሰምተሽ ነው የጻፍሽው?»

ስልኬን አወጣሁ። ለኛ ለጋዜጠኞች አልበም ቀድሞ ሲላክልን ዘፈኖቹ ቁጥር የላቸውም፤ ቅደም ተከተሉ አብሮ በሚመጣው ደብዳቤ ላይ ነው ያለው። ደብዳቤው አልተከፈተም። ስልኬ አስሩን ዘፈን በፊደል ገበታ ተራ ደርድሯቸዋል። ሐሙስ በሐ ነው፣ ከላይ። ጥሩምባ በጠ ነው፣ ከታች።

ተቀመጥኩ። አባባ ለመነሳት ፈለገ፣ የሚያነሳው ሰው አጥቶ እዚያው ቀረ። እኔ ነበርኩ የማነሳው።

ዓርብ 21

አንዴ ተኩል። ይኸው ጻፍኩት። ሦስቴ አይደለም፣ ሁለቴም አይደለም። አንዴ ኮሪደሩ ላይ፣ ግማሹን ደግሞ ታክሲ ውስጥ። አስራ አራት ዓመት ሰውን በቅደም ተከተል ስሙ ብዬ ስገስጽ ኖሬ።

ሁሉም ነግረውኛል እኮ። ጆሮሽን ገልብጠሽ ነው ወይ ያለኝ ልጅ እየሰደበኝ አልነበረም፣ በትክክል የሆነውን ነው የነገረኝ። ሽቦ በግጥም ነገረኝ፣ እኔ ዘይቤ ነው ብዬ አደነቅኩለት። እዚህ ደብተር ላይ «ጥሩ ዘይቤ ነው፣ አልክደውም» ብያለሁ። ገጹን ገንጥዬ ልጥለው ነበር። ይቀመጥ፣ ይየኝ።

ዛሬ ፈቃድ ወስጄ ሦስት ጊዜ ሰማሁት፣ እሱ ባደረገው ተራ። ፈሪ አይደለም። አንድም ቦታ አይሸሽም። ጥሩምባውን መጀመሪያ አሰምቶሽ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዘፈን ሙሉ እንድትጠብቂው ያደርግሻል፣ ጥሩምባውም አይመጣም። ጎበዝ ነው፣ አንጀቴን ነው የበላው።

በተገለበጠው ተራ ለምን እንዲያ እንዳቃጠለኝም አውቄያለሁ። የሞተ አባት እየነፋ ሲመጣ እኔ የቀዶ ጥገናውን በር እያየሁ ነበር። ሌላውን አልጽፍም።

የእህቴን ወረቀት አነበብኩት።

ሰኞ 24

ለዋና አዘጋጁ ነገርኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

«ማን አወቀ?» አለኝ።

«አባቴ። ሽቦ ደግሞ ከመጀመሪያው ያውቃል፣ ሳትሰማ ነው የጻፈችው ብሎ ነው የሚያስበው።»

«ሌላስ?»

«የሰደቡኝ ሁሉ።»

እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ዓይኑን ጠረገና ሌላ ሰው ሆነ። «ስሚኝ። ዛሬ አልበም በተራ የሚሰማ ሰው የለም። ሁሉም አንዲቷን ዘፈን ሰምቶ ያልፋል። ዓርብ ገብተሽ አጥብቀሽ ትከራከሪያለሽ፣ ከዚያ ነገሩ በራሱ ይበርዳል። ይህን በአየር ላይ ካልሽው ግን ገጹ የለም። የምሬን ነው። አንቺን ብቻ አይደለም፣ ጋዜጣውን ነው የምታዋርጂው።»

«ትክክል ነኝ ስል ይቅርታ ጠይቂ አልከኝ። ተሳስቻለሁ ስል ዝም በይ ትለኛለህ።»

«ሥራዬ ነው።»

«የኔ ሥራ አይደለም።»

ቤት ስገባ ለአባባ ነገርኩት። እሱም ጨርሶ ነግሮኝ የማያውቀውን ነገረኝ። አንድ ጊዜ፣ እኔ ሳልወለድ፣ የፊልሙን ሦስተኛ ጥቅል ከሁለተኛው በፊት አጫውቷል። ሰውዬው መጀመሪያ ከእስር ቤት ወጣ፣ ከዚያ ታሰረ። አባባ መሃል ላይ ገብቶታል። አቁሞ መብራት ማብራት ይችል ነበር።

«ለምን አላቆምክም?»

«ፈራኋ። አለቃው ያባርረኛል ብዬ። ስንት ሰው እንዳፏጨ ታውቂያለሽ?»

«ስንት?»

«አንድም ሰው። አጨበጨቡ። ፊልሙ ሲያልቅ ቆመው አጨበጨቡ።» ስፌቱን በልብሱ ላይ በመዳፉ ያዝ አደረገ። «ፉጨት ይረሳል። ያ ጭብጨባ ነው እስከ ዛሬ የሚያሳክከኝ።»

ዓርብ 28

ከሬዲዮ ጣቢያው እንደወጣሁ፣ ደጁ ላይ ግንብ ተደግፌ።

ስቱዲዮው ጠባብ ነው፣ ግድግዳው በስፖንጅ ተሸፍኗል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ማይክራፎን። ሽቦ ቀድሞኝ ገብቶ ተቀምጧል። በዘፈኑ ያን ሁሉ የቀጠቀጠኝ ልጅ ሲያየኝ ብድግ ብሎ «ደህና ዋሉ» አለኝ። እርስዎ ነው የሚለኝ! ከቪዲዮው ይልቅ ያንሳል፣ ጥፍሩን ነክሶ ጨርሶታል። አቅራቢው እጁን እያፋተገ ነው፣ ደም ሊያይ የመጣ ሰው።

ቀዩ መብራት በራ። አቅራቢው «ዛሬ የዓመቱ ፍልሚያ» ብሎ ሲጀምር አቋረጥኩት።

«ከፍልሚያው በፊት አንድ ነገር። አልበምህን በተሳሳተ ቅደም ተከተል ነው የሰማሁት። ደብዳቤውን አልከፈትኩም፣ ስልኬ በፊደል ተራ ደረደረው፣ እኔም ሳላጣራ ፈሪ አልኩህ። ሦስት ጊዜ እሰማለሁ እያልኩ አንዴ ተኩል ነው የሰማሁት። በትክክለኛው ተራ ሰምቼዋለሁ፤ ፈሪ አይደለህም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የጋዜጣው አይደለም።»

በመስታወቱ ማዶ ያለው የድምፅ ቴክኒሻን የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ አየኝ።

«ግን» አልኩ፣ «‹ነዳጅ› የሚለው ዘፈንህ በየትኛውም ተራ ቢሰማ ደካማ ነው። እሱን አላነሳም።»

ሽቦ ሳቀ። «‹ነዳጅ›ን እናቴም አትወደውም» አለ። ከዚያ ሳቁን ተወ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቀኝ።»

«በእርስዎ አደራደር... አባቴ መጨረሻ ላይ ይመጣል ማለት ነው?»

«አዎ» አልኩት። «ጥሩምባውን እየነፋ። አንተም ሮጠህ ትወጣለህ።»

ራሱን ነቀነቀ። አንዴ፣ ሁለቴ። አቅራቢው ማስታወቂያ አስገባ።

ኮሪደሩ ላይ ተከትሎኝ መጣ። «ያንን መስመር፣ አባቷን ቀብራ ትምጣ ያልኩትን...» ብሎ አልጨረሰውም። አንድ ሰው ስለ አባባ ነግሮታል መሰለኝ። «እግዜር ያቆይልዎት» አለኝ። አመስግኜው ቶሎ ወጣሁ፣ ፊቴ ሊያሳጣኝ ነበርና።

አልጸጸትም።

ቅዳሜ 29

ገጽ አስራ አራት ለሌላ ተሰጥቷል። ዋና አዘጋጁ ራሱ አልነገረኝም፤ የስፖርት ዘጋቢው ነው ደውሎ የነገረኝ። ከሰኞ ሳምንት ጀምሮ የማስታወቂያ ጽሑፍ አራሚ ነኝ፣ ከፈለግኩ።

አልፈልግም። የራሴን ደብተር ገዝቻለሁ፣ በሱ እጽፋለሁ፣ የሚያትመውን ኋላ እፈልጋለሁ። መጀመሪያ የምጽፈው ስለ ሽቦ አልበም ነው፣ እንደገና፣ ሦስቴ ሰምቼ። ሆድ አልባሰኝም ብል ውሸት ነው። አስራ አራት ዓመት ነው። ግን የሚያሳክከኝ ጭብጨባ የለም።

አባባ የስህተቱን ገጽ ከድሮዎቹ ደህና ገጾቼ ጋር ካርቶኑ ውስጥ አስገባው። «ሁሉም ያንቺ ናቸው» አለኝ።

ሰኞ 1

ሆስፒታል፣ ያው ኮሪደር፣ ያው ወንበር።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ባለ ጎማ አልጋው ላይ አስተኝተውት ተራ እየጠበቅን ነበር። እህቴ ወረቀት ልታስፈርም ሄደች። አባባ እጁን ዘረጋ። «ያን ልጅ አምጪው።»

አንዱን ጆሮ ማዳመጫ ለሱ፣ አንዱን ለኔ ሰካሁ።

«በየትኛው ተራ?» አልኩት። «በኔ ከሆነ መጨረሻው ጥሩምባው ነው።»

«ልጁ ባደረገው» አለ። «ሰው የሠራውን በሠራበት ነው።»

«የመጨረሻውን ታውቀዋለህ እኮ፣ አባባ።»

«አውቀዋለሁ። ክፈችው።»

ጥሩምባው ተነፋ። አባባ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ የአልጋውን ብረት እየመታ ሰማ። «ነዳጅ» ላይ ሲደርስ ፊቱን ጨምደድ አደረገ፣ እኔም ሳቅኩ። ስምንተኛው ዘፈን መሃል ላይ ነርሷ መጣች። ማዳመጫውን ከጆሮው አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠውና ጣቶቼን በላዩ ላይ አጠፈልኝ።

«እዚህ ጋ አቁሚው» አለኝ። «ስወጣ ከዚሁ እንቀጥላለን። ብቻሽን እንዳትጨርሺው።»

አቆምኩት። በሩ ተዘጋ።

አልበም መሃል ላይ ማቆም ነውር ነው ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይኸው ስምንተኛው ዘፈን፣ ሁለት ደቂቃ ከአስራ አንድ ሰከንድ ላይ ቆሟል። እህቴ ትንሽ ሙዚቃ ስሚ፣ ሰዓቱ ይሄድልሻል ብላ ሁለቴ ጎተጎተችኝ፤ አልሰማም አልኳት። ስልኩ ጭኔ ላይ ነው፣ በሩም ፊት ለፊቴ ነው። እሱ ወጥቶ ማዳመጫውን እስኪሰካ ድረስ ዘጠነኛውንም አስረኛውንም ማንም አይከፍታቸውም።